አስቀድሞ በሕሊና የታነጸ ሕንፃ
(የቅዱስ ላሊበላ ሕይወት ለሚያስተምሩና ለሚማሩ)

በግእዝ ቋንቋ ለጆሮ አንድ መስለው ለዐይን የሚለያዩ ሁለት ግሦች አሉ። አንዱ አሰበ፣ አሰላሰለ፣ በልቡ አወጣ አወረደ ማለት ነው፤ ሕሊና የሚለውም ስም ከዚሁ የወጣ ነው። ሌላው ደግሞ ዘመረ፣ አመሰገነ ማለት ሲሆን ማኅሌት የሚለው ስም ከእርሱ ይወለዳል። ዛሬ በአማርኛ ተናጋሪው አንደበት የሁለቱ ድምፅ ስለማይለይ፣ አስተዋይ ሰው ካልሆነ በቀር ልዩነታቸውን የሚጠይቅ የለም። ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ግን ሁለቱም ያስፈልጉታል። የሚዘምር ሰው የሚዘምረውን ካላሰበው ድምፁ አየር መትቶ ይቀራል፤ የሚያስብም ሰው ያሰበውን ወደ ምስጋና ካልመለሰው ሐሳቡ በትዕቢት ይበላሻል።

የአብነት ትምህርታችን ከጥንት ጀምሮ በቃል ጥናት የጸና ነው። ልጁ ፊደል ቈጥሮ፣ አቡጊዳን ዘልቆ፣ መልእክተ ዮሐንስን አንብቦ፣ ዳዊት ደግሞ ወደ ዜማ ቤት ይገባል፤ ከዚያም ወደ ቅኔ ቤትና ወደ መጻሕፍት ቤት ይሸጋገራል። መጻሕፍት በእሳትና በወረራ በጠፉበት ዘመን ትምህርቱን ለትውልድ ያቆየው ይህ የቃል ጥናት መሆኑን ማንም አይክደውም። ሆኖም በቃል መያዝ የቤቱ ደጃፍ ነው እንጂ እልፍኙ አይደለም፤ ከደጃፉ ወደ እልፍኙ የሚያስገባው ማሰላሰል ነው። ይህንም ነገር በብዙ ቃል ከማስረዳት በአንድ ሰው ሕይወት ማሳየት ስለሚሻል፣ በላስታ ተራሮች መካከል የነገሠውን ቅዱስ ላሊበላን እናስብ። ብዙ ሰው እርሱን በሕንፃው ያውቀዋል፤ እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ እንደ ተማሪና እንደ መምህር እንመለከተዋለን።

ቅዱስ ላሊበላ የተወለደው ቀድሞ ሮሐ በምትባለውና ዛሬ በስሙ በምትጠራው ሥፍራ ነው። ይህች ሥፍራ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ አጠገብ ትገኛለች። አባቱ ዣን ስዩም፣ እናቱም ኪርወርና ይባላሉ። ልደቱም ታኅሣሥ 29 ቀን ከጌታችን ልደት ጋር ይከበራል። በተወለደ ጊዜ ንቦች መጥተው እንደ ከበቡት፣ እናቱም ንቦቹ ንግሥናውን እንዳወቁለት ተረድታ ስሙን እንዳወጣችለት ገድሉ ይተርካል።

የንቡ ነገር ለትምህርታችን የሚስማማ ምሳሌ ነው። ንብ ከአበባ ወደ አበባ ስትዞር የምትሰበስበው ገና ማር አይደለም፤ ውሃ የበዛበት ቀጭን ጣፋጭ ነው። ማር የሚሆነው ወደ ቀፎዋ ተመልሳ፣ ከአፍ ወደ አፍ አቀባብላ፣ በክንፏም አራግባ ውሃውን ካደረቀችው በኋላ ነው። ያልደረቀው ቢከማች ፈጥኖ ይኮመጥጣል፤ የደረቀው ግን ብዙ ዘመን ሳይበላሽ ይኖራል። ተማሪም ከመምህሩ አፍ የሚቀበለው ቃል እንዲሁ ነው። በቀን የተቀበለውን በሌሊት ካልቀጸለው፣ የቀጸለውንም በልቡ ካላመላለሰው፣ የሰበሰበው ብዙ ቢሆንም የሚያቆየው ጥቂት ነው።

ላሊበላ ባደገ ጊዜ ስለ እርሱ የሚነገረው ነገር በቤተ መንግሥቱ ቅናትን አስነሣ። በዚያን ጊዜ የነገሠው ወንድሙ ሐርቤ ነበር። እኅቱ በመጠጥ ውስጥ መርዝ አድርጋ እንደ ሰጠችው፣ አንድ ዲያቆን ቀድሞት ቀምሶ እንደ ሞተ፣ ላሊበላም በእርሱ ምክንያት ለሞተው ሰው አዝኖ ያንኑ ጽዋ እንደ ጠጣ ገድሉ ይናገራል። ሦስት ቀን እንደ ሞተ ሰው ሆኖ ተኛ። በእነዚያም ሦስት ቀኖች መላእክት ወደ ሰማይ ወስደው ከአንድ ዐለት የወጡ አብያተ ክርስቲያናትን አሳዩት፤ ያየውንም በምድር እንዲሠራ ታዘዘ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ራእዩ በሦስት ቀን ተፈጸመ፤ ሥራው ግን በአራተኛው ቀን አልተጀመረም። ያየውን ለሕዝብ አውጥቶ እንዲከበርበት፣ በወንድሙም ላይ ተነሥቶ መንግሥቱን ፈጥኖ እንዲይዝበት የሚገፋፋው ምክንያት ነበረው። እርሱ ግን ከቤተ መንግሥት ርቆ በምድረ በዳ ተቀመጠ። ከዚያም በኋላ መስቀል ክብራን አገባ፤ ስደትንም ቀመሰ። ያየውን ራእይ በልቡ ይዞ በጾምና በጸሎት ቆየ። ወንጌላዊው ሉቃስ ስለ እመቤታችን በመሰከረው ምስክርነት የምናገኘው ይኸው ነው፤ እርሷ የሰማችውንና ያየችውን ታላቅ ነገር ለወሬ ሳትቸኩል በልቧ ስታኖረው ነበር። የቅኔ ተማሪም ከጉባኤ ተለይቶ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን የሚቈጥረው፣ የብቻ ጊዜ ከጉባኤ ጊዜ ያላነሰ የትምህርት ክፍል መሆኑን አባቶቻችን ስለሚያውቁ ነው።

ከዚህም በኋላ ላሊበላ መልአክ እየመራው ወደ ኢየሩሳሌም እንደ ደረሰና ቅዱሳት መካናትን እንደ ተሳለመ ገድሉ ይነግረናል። ቅድስት ከተማ በ1180 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1187) ከመስቀል ጦረኞች እጅ ወጥታ በሳላሕዲን እጅ ስለ ገባች፣ ብዙ የታሪክ ጸሐፍት የላስታን አብያተ ክርስቲያናት መታነጽ ከዚያ ዘመን ሁኔታ ጋር ያያይዙታል። ነገሩ ምንም ሆነ ምን፣ በሮሐ ምድር ዮርዳኖስ፣ ጎልጎታ፣ ቤተ ልሔም፣ ደብረ ሲና የሚባሉ ሥፍራዎች መኖራቸው የተሳላሚው ልብ ወደ የት እንዲያስብ እንደ ተፈለገ በግልጽ ያሳያል። በኢየሩሳሌም ያለውን ጎልጎታ ያየ ሰው የሮሐውን ጎልጎታ ቢያይ በመልኩ ፈጽሞ አይመሳሰልበትም። ላሊበላ የድንጋዩን ቅርጽ አልቀዳም፤ ያየው ነገር ምን ማለት እንደ ሆነ አሰላስሎ፣ ያንኑ ፍቺ በአገሩ ዐለትና በአገሩ ሕዝብ ቋንቋ መለሰው። ከመምህሩ የሰማውን ድምፅ ብቻ የሚመልስ ተማሪ ገደል ማሚቶ ነው፤ የሰማውን ተረድቶ በራሱ አንደበት የሚያስረዳ ግን ደቀ መዝሙር ይባላል።

ከቅርብ አባቶቹም ተምሯል። ከእርሱ በፊት የነገሠው ካህኑ ንጉሥ ቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ በታላቅ ዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ እያፈራረቀ ያነጸው ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ቆሟል፤ የአሠራሩም ስልት ከአክሱም የመጣ ነው። በቤተ አማኑኤል ግድግዳ ላይ ይህንኑ የአክሱም አሠራር እናገኘዋለን፤ ነገር ግን እንጨት የለበትም። የእንጨቱና የድንጋዩ ረድፍ መልክ ከአንዱ ዐለት ተቀርጾ ወጥቷል። የጥንት ነገር መርማሪዎችም በሮሐ ካሉት የዐለት ሥራዎች ጥቂቶቹ ከላሊበላ ዘመን አስቀድሞ የተቈፈሩ ናቸው የሚል ሐሳብ ያቀርባሉ። ይህ የቅዱሱን ክብር አይቀንስም፤ እንዲያውም የአባቶቹን ሥራ ሳያፈርስና ሳይንቅ፣ መርምሮ የቀጠለ እውነተኛ ተማሪ እንደ ነበረ ያመለክታል።

ጊዜው በደረሰ ጊዜ ሐርቤ ከእግዚአብሔር ዘንድ ተገሥጾ መንግሥቱን ለወንድሙ እንዳስረከበ ትውፊቱ ይናገራል። ላሊበላም በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነገሠ፤ ስመ መንግሥቱም ገብረ መስቀል ተባለ። በአብያተ ክርስቲያናቱ ውስጥ ስሙ በግእዝ የተቀረጸባቸው የእንጨት መንበሮች እስካሁን ይገኛሉ። ዙፋን ላይ የወጣ ሰው ራሱን የመስቀል አገልጋይ ብሎ መጥራቱ፣ በስደቱ ዘመን ያሰበውን በሹመቱ ዘመን እንዳልዘነጋው ምልክት ነው።

ሥራውንም ሲጀምር መጀመሪያ ያደረገው ዐለቱን መምታት አልነበረም። ለመቈፈሪያ፣ ለመጥረቢያና ለመቅረጫ የሚሆነውን ልዩ ልዩ የብረት መሣሪያ አስቀድሞ አሠራ። ሠራተኞቹንም ሰብስቦ እያንዳንዱ የሚፈልገውን ደመወዝ ራሱ እንዲናገር አደረገ፤ ይህንም ማድረጉ በኋላ ማንም በግድ ተሠራሁ፣ ያለ ዋጋ ደከምሁ ብሎ እንዳያጕረመርም ነው። የእግዚአብሔርን ቤት በድኻ እንባ ላለማነጽ መጠንቀቁ ሥራውን ብቻ ሳይሆን የሥራውን ፍጻሜና የሰውን ልብ አስቀድሞ እንዳሰበ ያስረዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ሌላው ሕንፃ የሚሠራው በመጨመር ነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይነባበራል፤ የተጣመመ ቢኖር ይነሣና በሌላ ይተካል። የሮሐ ሕንፃ ግን የተሠራው በመቀነስ ነው። መጀመሪያ ዙሪያው እንደ ጕድጓድ ይቈፈራል፤ በመካከሉ አንድ ወጥ ዐለት ይቀራል፤ ከዚያም ከላይ ወደ ታች፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ይጠረባል። ስለዚህ ጣሪያው ከመሠረቱ ቀድሞ ያልቃል። ጣሪያውን የሚጠርብ ሰው ወለሉ ከየት ላይ እንደሚያርፍ፣ ዐምዱ በየትኛው ሥፍራ እንደሚቀር፣ መስኮቱ ወዴት እንደሚከፈት፣ የክረምቱ ውሃ በየት በኩል እንደሚወርድ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በስሕተት የተቈረጠ ዐምድ ተመልሶ አይቀጠልም። ቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ወርዱ 23 ሜትር፣ ከፍታው 11 ሜትር ያህል ነው፤ ይህ ሁሉ በውስጡና በውጭው ከቆሙት ዐምዶች ጋር መጀመሪያ የቆመው በሰው ሕሊና ውስጥ ነው። መዶሻው የመጣው ሕሊናው ከጨረሰ በኋላ ነው።

የመምህር ሥራም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ሕፃን ልቡና እንደ ጭቃ ነው ሲባል እንሰማለን፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ እንደ ዐለት ሆኖ እናገኘዋለን፤ አንድ ጊዜ የተቀረጸበት አይፋቅም። በቍጣ የተነገረ ቃል፣ በችኰላ የተሰጠ የተሳሳተ ትርጓሜ፣ በጉባኤ መካከል የተጣለበት ንቀት እንደ ተቈረጠ ዐምድ ነው። ስለዚህ መምህር ወደ ጉባኤው ከመውጣቱ በፊት፣ ዛሬ የሚናገረው ቃል ይህ ልጅ ነገ በሚቆምበት መቅደስ ምን ሆኖ እንደሚገኝ ማሰብ ይገባዋል።

ሥራው 23 ዓመት እንደ ፈጀ ይነገራል። በ16ኛው መቶ ዓመት አገራችንን የጐበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ደግሞ 24 ዓመት ሲባል እንደ ሰማ ጽፏል። እርሱ አብያተ ክርስቲያናቱን ካየ በኋላ፣ የሚያነበው ሰው እንዳያምነው በመስጋት ነገሩን አብዝቶ ለመጻፍ ፈርቶ እንደ ነበር በመጽሐፉ ገልጧል፤ መጽሐፉም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1540 ታትሟል። ቀን ሰዎች የሠሩትን ሌሊት መላእክት እጥፍ አድርገው ይጨምሩበት እንደ ነበር አባቶች ይተርካሉ። ለሚያስተውል ሰው ይህ ትውፊት ስለ ሌሊቱ ጥናትም የሚነግረው ነገር አለው። ሰው በቀን የደከመበትን በሌሊት በጸሎትና በተመስጦ ቢያሳድረው፣ ከድካሙ የሚበልጥ ነገር በጸጋ ተጨምሮለት ያገኘዋል።

ከዐሥሩ በኋላ የመጣው የቤተ ጊዮርጊስም ነገር እንዲሁ ነው። ሰማዕቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ሆኖ መጥቶ፣ ለእርሱ ቤት ስላልታነጸለት ንጉሡን እንደ ጠየቀው ይተረካል፤ የፈረሱም ኮቴ ምልክት ዛሬ ለተሳላሚ ይታያል። ንጉሡ ወቀሳውን ተቀበለ እንጂ አልተቈጣም። 12 ሜትር ያህል በሚጠልቀው ጕድጓድ መካከል በመስቀል ቅርጽ የቆመው ይህ ቤተ ክርስቲያን ከዐሥራ አንዱ ሁሉ ይልቅ የተስተካከለ መሆኑን ያየው ሁሉ ይመሰክራል። ቤተ አባ ሊባኖስን ደግሞ ንግሥት መስቀል ክብራ በአንድ ሌሊት መላእክት እየረዷት እንዳሠራችው ይነገራል። በባልና በሚስት መካከል ያለ የሐሳብ አንድነት ለሥራ ምን ያህል ኃይል እንደሚሆን ከዚህ መማር ይቻላል።

እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ካለቁ በኋላ ራሳቸው መምህራን ሆኑ። ፊደል ያልቈጠረው ገበሬ ከሩቅ አገር በእግሩ መጥቶ ዮርዳኖስን ሲሻገር ጥምቀቱን ያስባል፤ በምሥራቅ በኩል ባሉት አብያተ ክርስቲያናት መካከል በሚገኘው ጨለማ ዋሻ ውስጥ ግድግዳውን እየዳሰሰ ሲሄድ ስለ ሲኦል ያስባል፤ ወደ ብርሃን ሲወጣም የክርስቶስን ትንሣኤ ያስባል። በልደት ቀን በቤተ ማርያም ቤዛ ኵሉ ሲዘመር፣ ካህናቱ እኩሌቶቹ በዐለቱ አፋፍ ላይ፣ እኩሌቶቹ ከታች በግቢው ውስጥ ይቆማሉ፤ ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የኖሎት ምሳሌ ናቸው። ይህን የሚያስተውል ሰው በዚያች ሌሊት ሰማይና ምድር አንድ ጉባኤ መሆናቸውን ይማራል። የማያስተውለው ግን ልብሰ ተክህኖና ከበሮ አይቶ፣ ጸናጽል ሰምቶ፣ ምናልባትም ሥዕል አንሥቶ ይመለሳል፤ መንገዱን ደከመበት እንጂ አልተማረበትም።

ቅዱስ ላሊበላ ሰኔ 12 ቀን ዐረፈ፤ መቃብሩም በቤተ ጎልጎታ እንደ ሆነ ትውፊቱ ይናገራል። ከእርሱ በኋላ የወንድሙ የሐርቤ ልጅ ቅዱስ ነአኵቶ ለአብ እንደ ነገሠ ይነገራል። ወንድም ከወንድም ጋር በመርዝ በተጣላበት ቤት፣ መንግሥቱ ለበደለው ወንድም ልጅ መተላለፉ ቂምን በማሰላሰል ያሸነፈ ሰው ፍጻሜ ነው። ሰው ክፉን ነገርም እንደሚያሰላስል አንርሳ፤ ነገር ግን በደልን እያመላለሰ የሚያስብ ሰው መርዙን በየቀኑ ይጠጣዋል። ላሊበላ ጽዋውን አንድ ጊዜ ጠጣ፤ ዕድሜውን ሙሉ ያሰበው ግን በሦስቱ ቀኖች ያየውን ነው።

ሳያሰላስሉ መሥራት ምን እንደሚያመጣም ከዚያው ከሮሐ እንማራለን። በ1940ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አብያተ ክርስቲያናቱን ለመጠገን ተብሎ ዐለቱ በሬንጅ መሰል ነገር ተለብጦ ዐለት እንዲመስል በቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር። አሳቡ ከዝናብ ለመጠበቅ ነበር፤ ነገር ግን የዐለቱ ጠባይ በሚገባ ስላልተመረመረ ልባጡ ራሱ ጕዳት ሆነ። ከዐሥር ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሌሎች ጠጋኞች ብዙ ደክመው እርሱን ማስለቀቅ ነበረባቸው። አብያተ ክርስቲያናቱ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ በኋላም፣ በ2000 ዓ.ም. በአንዳንዶቹ ላይ የተተከለው መጠለያ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ቅን ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ የሚጠግኑትን ነገር ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

የተማሪውም ልቡና እንዲሁ ነው። መልኩን አሳምሮ በቃል የቀባነው ልጅ ከሩቅ ሲታይ ሊቅ ይመስላል። ዳዊትን ያነበንባል፤ ድጓውን ያዜማል። አንድ ያዘነ ምእመን መጥቶ ልጄ ሞተብኝ፣ እንዴት ልጽና ብሎ ቢጠይቀው ግን፣ በየዕለቱ ከሚደግመው መዝሙር ውስጥ አንዲት የመጽናኛ ሐሳብ አውጥቶ ማካፈል ያቅተዋል። ዝናብ ሲመጣ ቀለሙ ለቀቀ ማለት ይህ ነው። ጕዳቱም በእርሱ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ያዘነው ምእመን መልስ አጥቶ ከደጀ ሰላሙ ይመለሳል፤ ምናልባትም ዳግመኛ አይመጣም።

ስለዚህ መምህራን አባቶችና ወንድሞች ሆይ፣ ቃሉን ካቀበልን በኋላ ልጁን ወዲያው ወደ ሚቀጥለው አናስሩጠው። በቃሉ ውስጥ የሚናገረው ማን እንደ ሆነ፣ ለማን እንደ ተነገረ፣ እርሱም ራሱ በዚህ ቃል ምን ሊያደርግ እንደሚገባው እንጠይቀው፤ መልሱንም በትዕግሥት እንጠብቀው። የሚጠይቀንን ተማሪ እንደ ደፋር አንቍጠረው፤ ጥያቄ የማሰላሰል ልጅ ናትና። እኛም ራሳችን ጉባኤ ከዘረጋን በኋላ ጥቂት ጊዜ ለብቻችን ተቀምጠን፣ ዛሬ ምን አስተማርሁ፣ ማንን አሳዘንሁ፣ ምኑን ሳላውቀው አለፍሁት ብለን እንመርምር። ተማሪዎችም ሆይ፣ የምትቀጽሉት ቃል ከከንፈራችሁ እስከ ልባችሁ ያለውን አጭር መንገድ እስኪሄድ ድረስ አትቸኵሉ። ምእመናንም ከቅዳሴ መልስ ወደ ወሬ ከመግባታችሁ በፊት፣ ከተነበበው ወንጌል አንድ ነገር ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ፤ በማዕድም ጊዜ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

ሦስት ቀን ተምሮ ዓመታትን ያሰበ፣ ዓመታትን አስቦ ከሃያ ዓመት በላይ የሠራ ንጉሥ ሥራው ስምንት መቶ ዓመት ያህል ቆሞ ያስተምራል። እኛም በምናስተምረውና በምንማረው ሁሉ ሕሊናን ከማኅሌት ሳንለይ እንድናገለግል አምላከ ላሊበላ ይርዳን። የጻድቁ ንጉሥ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።